ከግንቡ በፊት ጎተራው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጎጃም ከተሞች መናኸሪያ ዳርና ገበያ በረንዳ ላይ ስለሚያድሩ ታዳጊዎች በየእድሩና በየሰንበቴው ወሬ በተነሳ ቁጥር መጨረሻው «መጠለያ እንሥራላቸው» ነው። ሐሳቡን እንደግፋለን። እኛ በግንባታና በማኅበራዊ አገልግሎት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ነን፤ ይህን የምንጽፈውም ቤት መሥራት ከባድ ነው ለማለት ሳይሆን ቀላሉ እሱ መሆኑን ለማሳየት ነው። ድንጋይ፣ ባሕር ዛፍ፣ ጭድና ጉልበት ጎጃም ውስጥ አይታጣም። የሚታጣው በነሐሴ ጎተራ ውስጥ የሚገኝ እህል፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነቅቶ የሚገኝ አዋቂና የልጁ የልደት ወረቀት ነው። ሒሳቡን ከዚያ እንጀምር።

8 ልጆችና 2 አሳዳጊዎች የሚኖሩበት ቤት 10 ሰው ይመግባል። በአገራችን የእርዳታ እህል ሲታደል የሚሰላው ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1 ኪሎ ተኩል ጥራጥሬና ከግማሽ ሊትር ትንሽ ያነሰ ዘይት ተብሎ ነው። ይህ ከረሃብ ማምለጫ ልክ እንጂ በማደግ ላይ ላለ የ16 ዓመት ልጅ ጥጋብ አይደለም፤ ለመነሻ ግን ይሆናል። በዚህ ልክ ቤቱ በወር 1 ኩንታል ተኩል፣ በዓመት 18 ኩንታል እህልና ወደ 2 ኩንታል የሚጠጋ ጥራጥሬ ይፈልጋል። 150 አባወራ ያለው እድር ቢይዘው እያንዳንዱ ቤት በዓመት 12 ኪሎ እህል ይደርሰዋል። በጥር ከአውድማው ላይ 12 ኪሎ ጤፍ ወይም በቆሎ መስጠት ብዙ ሰው አይከብደውም። በሐምሌ ሲጠየቅ ግን ሰጪው ራሱ ሸማች ሆኗል። መጠለያዎች የሚበተኑት እዚህ ላይ ነው፦ ለገናና ለፋሲካ በግ ይታረዳል፣ ዳቦ ይትረፈረፋል፤ በነሐሴ ድስቱ ሲቀዘቅዝ ልጆቹ ወደ መናኸሪያው ይመለሳሉ። እድሩ የሚገባው ቃል የበዓል ምሳ ሳይሆን የጥር እህል ይሁን፤ እህሉ እስኪገባም መሠረት አይቆፈር።

18 ኩንታል እህል ማኖሪያ ይፈልጋል። ከረጢቱ መሬት ላይ አይቀመጥ፤ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ ርቆ ይደርደር። በቆሎውን ነቀዝ ቶሎ ስለሚያገኘው አየር በማያስገባው ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት አጥብቆ ማሰር ነው፤ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፣ መድኃኒት መርጨትም አያስፈልግም። እህሉ ሲገባ በደንብ ያልደረቀ ከሆነ ግን ይሻግታል።

አልጋ ከመቁጠር በፊት ደግሞ ልጆቹን መለየት ያስፈልጋል። በረንዳ ላይ የሚያድር ሁሉ ቤት የለውም ማለት አይደለም። የአንዱ መንደር በአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ የወጣው ከእንጀራ አባት ጋር ተጣልቶ ወይም በፈተና ወድቆ አፍሮ ነው። እንዲህ ያለው ሽማግሌ ተልኮለት፣ ለትምህርት መሣሪያና ለጥቂት ወራት እህል ድጋፍ ተደርጎለት ቢመለስ ይሻላል፤ ከስድስት ወር ያላነሰ ክትትል ግን ይፈልጋል፣ አለበለዚያ ተመልሶ ይመጣል። ቤቱ የሚሠራው መመለሻ ለሌላቸው፣ ወላጆቻቸው ለሞቱባቸው፣ ግጭት ላፈናቀላቸው፣ ቢመለሱ ለሚደበደቡ ወይም ያለ ዕድሜያቸው ለሚዳሩ ነው። ሴቶቹ ልጆች ማታ በረንዳ ላይ ብዙም ስለማይታዩ «ቁጥራቸው ጥቂት ነው» የሚለው ግምት ስሕተት ነው። እነሱ ያሉት በትናንሽ ምግብ ቤቶችና በሰው ቤት ሠራተኝነት፣ ብዙ ጊዜም ያለ ደመወዝ ነው። የእነሱ ቤት በሌላ ግቢ፣ ከሴት አሳዳጊዎች ጋር ይሁን።

«አንድ ትልቅ አዳራሽ ሠርተን 60 ልጅ እናስገባ» የሚለው ሐሳብ ሪባን ለመቁረጥ ይመቻል። አዳራሽ ውስጥ ግን የበረንዳው ሥርዓት እንዳለ ተከትሎ ይገባል። ጉልቤው ትንሹን ያስገብራል፣ ማስቲሽ የሚስበው ለማይስበው ያስተምራል፣ የአንዱ ቅማል ለስድሳው ይዳረሳል። በ2001 የወጣው የአገራችን የአማራጭ ሕፃናት እንክብካቤ መመሪያም የተቋም ኑሮ የመጨረሻ አማራጭ እንዲሆን ነው የሚለው። ለትንሽ ቤት ምሳሌ ከሩቅ መፈለግ የለብንም። በዋሸራ፣ በዲማ፣ በጎንጅ፣ በደብረ ኤልያስ ከወላጅ የራቁ ታዳጊ የአብነት ተማሪዎች በትንንሽ ጎጆ ሁለት ሦስት እየሆኑ፣ ታላቁ ለታናሹ እያስቀጸለ፣ መንደሩ እያጎረሳቸው ኖረዋል። (ቅማሉን፣ የክረምቱን ፍሳሽና ከኩራዝ የሚነሳውን እሳት ግን አንውረስ።)

አሁን ወደ ግንባታው። ለ8 ልጆች 13 ሜትር ተኩል በ5 ሜትር የሆነ አንድ ወጥ ቤት ይበቃል። ርዝመቱ ሲከፈል መኝታ 3 ሜትር ተኩል፣ የአሳዳጊ ክፍል 2 ሜትር ተኩል፣ ሁለተኛው መኝታ 3 ሜትር ተኩል፣ ሳሎን 4 ሜትር ይሆናል። አራት አልጋ በሚገባበት መኝታ ለአንድ ልጅ ከ4 ካሬ ሜትር በላይ ይደርሰዋል። የአሳዳጊው ክፍል መሀል የገባው የሁለቱም መኝታ ድምፅ እንዲሰማበት ነው፤ ዳር ከወጣ አሳዳጊው ሌሊት የሚሆነውን አያውቅም። ከእያንዳንዱ አልጋ ሥር ቁልፍ ያለው ሳጥን ይግባ። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የጠብ ሁሉ መነሻ የጠፋ ካልሲና የጠፋ 50 ብር ነው። መስኮት ላይ የብረት ፍርግርግ ከገባ ከውስጥ የሚከፈት ይሁን፣ ቤቱም ሁለት መውጫ ይኑረው። ኩሽናው ተለይቶ ይሠራል።

አፈሩን ሳያዩ መሠረት መጣል ትልቁ ኪሳራ ነው። ከደጀን እስከ ቢቸና ባለው ሜዳ የሚበዛው ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ላዩ ላይ የተቀመጠውን ግንብም አብሮ ያነሳዋል፣ ይጥለዋልም። እዚያ ዋልካውን እስከ ጠንካራው ንጣፍ አውጥቶ፣ ጠንካራው ከራቀም ቢያንስ አንድ ሜትር ቆፍሮ በገረጋንቲ (ጠጠር በበዛበት አፈር) እየጠቀጠቁ መሙላት ግድ ነው። ቀይ አፈር ባለበት 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀትና 50 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይበቃል። ከመሬት በላይ ግንቡ 40 ሴንቲ ሜትር ይውጣ፤ ከጣሪያ የሚወርደው ውኃ መሬት ነጥሮ ጭቃውን የሚበላው እስከዚያ ነውና። የውጭው ዙሪያና ሦስቱ ክፍልፋዮች ሲደመሩ የግድግዳው ርዝመት 52 ሜትር ነው፤ ለግንቡ 26 ሜትር ኩብ ድንጋይ ይገባል፣ ብክነቱ ሲታሰብ ሁለት የሲኖ መኪና ጭነት ጥቁር ድንጋይ ማለት ነው። አሸዋው አንድ ሲኖ ነው። ሲሚንቶው ለግንቡና ለወለሉ 50 ኩንታል ገደማ ይሆናል። ዋጋ አንጽፍም፤ ጋዜጣው ታትሞ እስኪወጣ ይለወጣልና።

ግድግዳው ለምን ጭቃ ይሁን? ደብረ ማርቆስና ከዚያ በላይ ወደ ጮቄ ያለው አገር ሌሊቱ ብርድ ነው፤ በደንብ የተመረገ ጭቃ ከስስ ብሎኬት ይልቅ ሙቀት ይይዛል፣ ሥራውንም ሰፈርተኛው ይችለዋል። መታጠቢያው ግን ብሎኬት ይሁን። በመሀል ከተማ ጭቃ ቤት የማይፈቀድበት ቦታ ስላለ የማዘጋጃ ቤቱን ፕላን ቀድሞ ማየት ይበጃል።

ባሕር ዛፉ በበጋ ተቆርጦ፣ ልጡ ተልጦ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ወር በጥላ ይድረቅ። እርጥቡ ከተመታ በኋላ ይጣመማል፣ ምስማሩንም ይነቅላል። በየ60 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ቋሚ ሲቆም ከማዕዘኖቹ ጋር 95 ያህል ይሆናል። ማገሩ ከውስጥም ከውጭም በየ25 ሴንቲ ሜትሩ ሲመታ 4 ሜትር ርዝመት ያላቸው 280 ያህል ይበላል። የቋሚው እግር በተቃጠለ ዘይት ተነክሮ ግንቡ ውስጥ ይቀበር እንጂ መሬት አይንካ። በወይና ደጋውና በቆላው ምስጥ መሬት የነካውን ቋሚ በጥቂት ዓመት ውስጥ ይጨርሰዋል፤ ግንቡም ላይ ቢሆን የምስጥ የጭቃ መንገድ ከታየ ወዲያው መጥረግ ነው።

ጣሪያው ከጭቃው ይቅደም። ጭቃ በጥላ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ስንጥቁ ያንሳል፣ ድንገት የመጋቢት ዝናብ ቢመጣም አይታጠብም። ክፈፉ ከግድግዳው በየአቅጣጫው 70 ሴንቲ ሜትር ሲወጣ 2 ሜትር ርዝመት ያለው ቆርቆሮ 80 ያህል ይገባል። ባለ 32 ጌጁ ርካሽ ስለሆነ ለጋሽ የሚያመጣው እሱን ነው፤ በረዶና ነፋስ ግን አይችልም። ቁጥሩ ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራል፣ ባለ 30 ወይም ባለ 28 ይሁን። ምስማሩ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውኃ በሚወርድበት ቦይ ላይ አይመታ። ይህ ተራ ነገር ይመስላል፤ ከሚያፈሱት አዳዲስ ጣሪያዎች የብዙዎቹ ምክንያት ግን እሱ ነው። ከሥሩ ኮርኒስ ይግባ፣ የተሰፋ የማዳበሪያ ከረጢትም ቢሆን፤ አለዚያ በብርድ ሌሊት ከቆርቆሮው የሚንጠባጠበው ጤዛ አልጋውን ያረጥበዋል። አሸንዳ ተገጥሞ 2000 ሊትር ሮቶ ቢቀመጥ 25 ሚሊ ሜትር የሚጥል አንድ ጥሩ ዝናብ ከዚህ ጣሪያ 1900 ሊትር ያህል ይሰጣል። ለ10 ሰው ለእያንዳንዱ በቀን 20 ሊትር ቢታሰብ ይህ ከ9 ቀን በላይ ነው። በበጋ ግን የቧንቧ መስመር ወይም በጋሪ የሚመጣ ውኃ በጀት ያስፈልጋል።

ለጭቃው ቀይ አፈርና የጤፍ ጭድ ነው የሚሆነው። አንድ ቀን ተረግጦ በማግስቱ የሚለጠፍ ጭቃ ይረግፋል፤ ለሁለት ሳምንት ያህል እየሰነበተ ሦስት ጊዜ ይረገጥ። መጠኑን ለማወቅ ግድግዳው ላይ አንድ ክንድ ያህል ቦታ ለጥፎ አንድ ሳምንት ማየት ነው። ከተሰነጠቀ ጭድ ይጨመር፣ ሲነካ የሚፈረፈር ከሆነ ጭድ በዝቷል ወይም አፈሩ አሸዋማ ነው። ሁለተኛው ምርጊት የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ደርቆ ስንጥቁን ከጨረሰ በኋላ ይሁን። ልስኑን ለማፋጠን በሲሚንቶ የሚለስኑ አሉ፤ ሲሚንቶው ጭቃውን ስለማይዘው በሁለተኛው ክረምት በሰፊው ተገምሶ ይወርዳል። እበትና አመድ ይሻላል፤ በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ማደስም ልጆቹ ራሳቸው የሚችሉት ሥራ ነው።

ወለሉ በድንጋይ ንጣፍ ላይ 8 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት ነው። 40 በ35 በ25 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ይሠራ፤ እሱ የአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ልክ ነው። 1 ከረጢት ሲሚንቶ፣ 2 ሳጥን አሸዋ፣ 4 ሳጥን ጠጠር። በደቦ ሲቦካ ችግሩ ውኃ ነው። ሰው አካፋው እንዲቀለው እያለ ይጨምርበታል፤ የቀጠነ ኮንክሪት ደግሞ ደርቆ አቧራ ይሆናል። ከፈሰሰ በኋላ 7 ቀን ውኃ ይጠጣ፤ ውኃ የሚያጠጣው ሰው በስም ይመደብ፤ «ሁላችንም እናጠጣለን» ከተባለ ማንም አያጠጣም። ሲሚንቶ በስጦታ በሰኔ ቢመጣ አመስግኖ ለኅዳር ቃል ማስገባት ይሻላል። ከሦስት ወር በላይ የተቀመጠ፣ ያውም ክረምት የነካው፣ ጉልበቱን ያጣል።

ስለ ደቦ ጥቂት። 40 ሰው ወጥቶ አካፋው 12 ከሆነ 28ቱ ቆሞ ያወራል፣ በሚቀጥለውም ሳምንት አይመጣም። ድንጋይ ማቀበል፣ ቁፋሮ፣ ጭቃ መርገጥና መምረግ የደቦ ሥራ ነው። የማዕዘን ግንብ፣ ካፕሪያታ (ጣሪያውን የሚሸከመው እንጨት)፣ ቆርቆሮና መብራት ግን የተከፈለው ባለሙያ ሥራ ነው፤ ጠላውም ሰው ከጣሪያ ላይ ከወረደ በኋላ ይቀዳ። ቀን ሲቆረጥ የወሩን በዓላት ቆጥሮ ነው፤ በ12፣ በ21፣ በ29 ሰው ለምክርና ለመዋጮ እንጂ ለቁፋሮ አይገኝም። ገበሬው ከአጨዳና ከውቂያ የሚላቀቀው በጥር ነው፣ ጭዱም የሚገኘው ያኔ ነው። መሠረት በጥር፣ ጣሪያ በየካቲት፣ ምርጊት በየካቲትና በመጋቢት፣ ወለል በሚያዝያ፤ ልጆቹ በግንቦት ይግቡ። ምርጊቱ ዐቢይ ጾም ላይ ስለሚውል የሥራው ሰዓት ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ብቻ ተብሎ ይታቀድ። ታዳጊዎቹም መሥራት አለባቸው፣ ቤቱ የእነሱ ነውና፤ ጣሪያ ላይና ጉድጓድ ውስጥ ግን አይግቡ።

የመጸዳጃው ጉድጓድ 3 ሜትር ጥልቀትና 1 ሜትር ከ20 ስፋት ሲኖረው ለ10 ሰው ወደ 5 ዓመት ያገለግላል። ከውኃ ጉድጓድ 30 ሜትር ይራቅ።

ልጆች በገቡ የመጀመሪያው ቀን የሚደረገው ነገር ንግግር ሳይሆን ገላ መታጠብና ልብስ መቀየር ነው። በቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት ተጨናንቆ ያለ ልብስ ለውጥ የሚያድርን ሰው ይወዳል፤ አንድ ልጅ ይዞ ቢገባ ቤቱን ሁሉ ያስተኛል። የለበሰው ይቀቀል፤ የማይቀቀለው በላስቲክ ታስሮ ሁለት ሳምንት ይቀመጥ፣ የልብስ ቅማል ሰው ሳያገኝ ያን ያህል አይቆይም። በስጦታ የሚመጣ አሮጌ ልብስም በዚሁ ሕግ ይለፍ። ትኩሳት ያለው ልጅ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ማስቲሽ ሲስብ የተገኘን ማባረር ደግሞ ወደ ማስቲሹ መመለስ ነው፤ ቅጣቱ ከቤት ሥራና ከኪስ ገንዘብ አይለፍ። ሌላውን ልጅ የሚደበድብ ወይም የሚደፍር ግን በዚያው ቀን ተለይቶ ጉዳዩ ለሚመለከተው ይቅረብ።

አሳዳጊ ደመወዝ ይከፈለው። በነጻ የሚመጣ ሰው በጎ ነው፤ ግን ሰርግ፣ ለቅሶና የራሱ ልጅ ሕመም አለበት፤ ሌሊቱም ባዶ ይቀራል። ከመቀጠሩ በፊት በጣት አሻራ የተጣራ ከወንጀል ነጻ የመሆን ማስረጃ፣ ተያዥ፣ ከቀድሞ ሥራው የምስክር ቃል ይጠየቅ፤ «የታወቀ ሰው ነው» የሚለው ማስረጃ አይደለም። ልጆቹ በአሳዳጊው ላይ አቤት የሚሉበት፣ ከቤቱ ውጭ ያለ አንድ ሰው በስምና በስልክ ይታወቅላቸው። እንግዳ ከልጅ ጋር ብቻውን ክፍል አይገባም፤ ለጋሽም ቢሆን። ፎቶም አይነሳም። በሩ ላይ «የጎዳና ልጆች መጠለያ» የሚል ታፔላ አይሰቀል፤ ትምህርት ቤት ውስጥ የልጁ ስም ሆኖ ይቀራል።

ወረቀት። የልደት ምዝገባ አዋጅ 760/2004 ቢወጣም ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ስለሆነ ዛሬ 16 ዓመት የሆነው ልጅ ሲወለድ የተመዘገበ አይደለም፤ ዘግይቶ መመዝገብ ይኖርበታል። 18 ሲሞላው የቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት ከትውልድ ቀበሌው መሸኛ ይጠየቃል። ልጁ በገባ ወር ይጀመር፤ ወላጅ የሌለው ከሆነ ምስክር ፍለጋው ብዙ ወራት ይወስዳል። ሥራ የሚይዙትን በተመለከተ የሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች መቅጠርን ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያለው በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት መሥራት የለበትም። «ሥራ አስያዝነው» ብሎ የሌሊት ዳቦ ቤት ማስገባት ሕግ መጣስ ነው።

ቤቱ የማን ይሆናል? ይህ ካልተጻፈ ሰፈሩ ከሁለት ዓመት በኋላ ይጣላበታል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 እድርንና እቁብን አይመለከትም፤ ስለዚህ በእድሩ ስም ብቻ ከመያዝ ይልቅ እድሮቹ ተባብረው የበጎ አድራጎት ማኅበር ቢያስመዘግቡ ይመረጣል። የሊዝ ሕጉም ለእንዲህ ዓይነት አገልግሎት መሬት ያለ ጨረታ በምደባ የሚገኝበትን መንገድ አስቀምጧል፤ ውሳኔው ግን ጊዜ ስለሚወስድ በጥር ለመቆፈር ማመልከቻው ካለፈው ዓመት መግባት አለበት። ውሉ ላይ ማኅበሩ ቢፈርስ ቤቱ ለማን እንደሚሄድና ከሕፃናት አገልግሎት ውጭ እንደማይውል ይጻፍ።

መውጫውም ከመግቢያው ቀን ጀምሮ ይታሰብ። ሥራ የያዘ ልጅ ከገቢው ግማሹን በራሱ ስም በባንክ ያስቀምጥ፤ ደብተሩን አሳዳጊው አይያዘው። ከቤቱ ሲወጣ የሦስት ወር ኪራይ፣ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ድስትና አንድ ኩንታል እህል ይያዝ። አከራይ ተያዥ ስለሚፈልግ ከእድሩ አባላት አንዱ ለአንድ ዓመት በፊርማው ይቁምለት። የእድሩ ሊቀመንበርም ይህን ፊርማ ማን እንደሚፈርም ልጁ 17 ዓመት ሳይሞላው ቢያጣራ ጥሩ ነው፤ በመጨረሻው ሳምንት ሲጠየቅ ሁሉም ሰው መንገደኛ ይሆናልና።

ከአክብሮት ጋር፣
በግንባታና በማኅበራዊ አገልግሎት ሥራ ላይ የምንገኝ አንባቢዎች
ደብረ ማርቆስ